እየበላች የምትከሳ ድመትና የልቧ ነገር

በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ከሚኖሩ አንዲት እኅት አንድ ረዥም ደብዳቤ ደርሶናል። ደብዳቤው የተጻፈው ስለ አንዲት አሮጊት ድመት ነው። በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ሕፃናት አስተዳደግና ስለ ጓዳ ሥራ ስንጽፍ ለቈየን ለእኛ፥ ስለ ድመት ልብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ሲመጣልን በመጀመሪያ ፈገግ ማለታችንን አንሸሽግም። ዳሩ ግን አንብበን በጨረስን ጊዜ ፈገግታው ጠፋ፤ ነገሩ የአንዲት ድመት ብቻ ሳይሆን የአንዲት እናት ነገር ሆኖ አገኘነውና።

እኅታችን የሚጽፉት እንዲህ ነው። እናታቸው በእርጅናቸው ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ ልጃቸው ቤት መጥተው መኖር ከጀመሩ ዐሥር ዓመት አልፏል። የቤቱ ሰው ሁሉ ማለዳ ወደ ሥራውና ወደ ትምህርቱ ከሄደ በኋላ እስከ ማታ ድረስ እሳቸውና ውሮ የምትባለው ድመት ብቻቸውን ይውላሉ። እናቲቱ የአገሩን ቋንቋ አያውቁም፤ ከውሮ ጋር ግን ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ሲጫወቱ ይውላሉ። ውሮ አሁን 13 ዓመቷ ነው። ካለፈው የብርድ ወራት ጀምሮ ጠባይዋ ተለወጠ፤ አንድ ጊዜ የቀረበላትን ጨርሳ ሁለተኛ ትለምናለች፤ በሌሊት እየተነሣች ትጮኻለች፤ ውሃም አብዝታ ትጠጣለች። እናቲቱ ይህን ባዩ ጊዜ «የሚበላ በሽተኛ የለም፤ ድመቴ ወደ ልጅነቷ ተመለሰች» እያሉ ደስ አላቸው። ነገር ግን በጭናቸው ላይ ስትተኛ ክብደቷ እየቀለለ ሄደ፤ የጐን አጥንቷም በእጅ ይቈጠር ጀመር። በሚዛን ቢያወጧት 5 ኪሎ የነበረችው 3 ኪሎ ተኩል ሆና ተገኘች።

ወደ እንስሳት ሐኪም በወሰዷት ጊዜ ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ልቧ በደቂቃ 240 ጊዜ እንደሚመታና በምቱ መካከልም ሹክሹክታ የሚመስል ድምፅ እንዳለ ነገራቸው። ደሟም ተመርምሮ በአንገቷ ያለው ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ ከልክ በላይ እንደሚሠራ ታወቀ። ሐኪሙም ሁለት መንገድ አሳያቸው፤ አንደኛው ዕድሜ ልክ የሚሰጥ ኪኒን ነው፤ ሁለተኛው ጨረር ያለበት አዮዲን አንድ ጊዜ በመርፌ መስጠት ነው። እናቲቱ ግን ከተተረጐመላቸው ነገር ሁሉ መካከል «ልብ» የሚለውን ቃል ብቻ ያዙ። «ልብ ከታመመ ምን ቀረ? በቤቷ በሰላም ትሙት፤ በመርፌና በመድኃኒት አታስጨንቋት» አሉ። ልጅቱም በእናታቸው ፈቃድና በሐኪሙ ምክር መካከል ተጨንቀው «የልቧ ነገር ተስፋ አለውን?» ብለው ጠየቁን።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንጀምር፤ የውሮ ሕመም ከልቧ አልጀመረምና።

በአገራችን በደጋው ያደገ ሰው ሁሉ እንቅርትን ያውቃል። ታይሮይድ ማለት ያ እንቅርት ሆኖ የሚያብጠው የአንገት ዕጢ ነው። በሰው ዘንድ ምግቡና ውሃው አዮዲን ሲያንሰው፥ ዕጢው ያጣውን ለማግኘት ሲታገል ያብጣል፤ በገበያ የሚሸጠው ጨው አዮዲን እንዲገባበት የተደረገውም ስለዚህ ነው። የድመቷ ግን ሌላ ነው። የእርስዋ ዕጢ የሚያብጠው አጥቶ አይደለም፤ ያለ አዛዥ ሲሠራ ነው። በጤና ጊዜ ታይሮይድ ከአንጐል ሥር ካለች ታናሽ ዕጢ ትእዛዝ እየተቀበለ፥ ሆርሞን የሚባለውን ንጥረ ነገር በልክ ወደ ደም ያፈስሳል። በአሮጊት ድመት ግን በዕጢው ውስጥ አንዳንድ እብጠቶች ይበቅሉና ትእዛዝ ሳይጠብቁ ሆርሞኑን ሌሊትና ቀን ያፈስሱታል። አዛዡ ዝም ቢልም አይሰሙትም። ከመቶው ድመት በ97 ወይም በ98 ዘንድ ይህ እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ካንሰር የሚሆነው በጥቂቶቹ ብቻ ነው። ዕጢው በጉሮሮው ግራና ቀኝ ሁለት ክፍል ሆኖ የተቀመጠ ሲሆን፥ ከዐሥሩ ድመት በሰባቱ ያህል ሁለቱም ወገን ይታመማሉ። ጤነኛው ዕጢ በጣት ሲዳሰስ አይገኝም፤ የታመመውን ግን የለመደ የሐኪም እጅ እንደ አንዲት የባቄላ ፍሬ ሆኖ ያገኘዋል።

ሆርሞኑ በሰውነት ውስጥ የሚሠራው ሥራ በአንጥረኛ ቤት ያለው ወናፍ የሚሠራውን ይመስላል። ወናፉ በልክ ሲነፋ ብረቱ ይግላል፤ ሳያቋርጡ ቢነፉት ግን ከሰሉ ያለ ጊዜው ያልቃል። ውሮ እጥፍ እየበላች የምትከሳው፥ ሌሊት እንቅልፍ የምታጣው፥ አንዳንድ ጊዜም የምታስታውከው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ እናትዎ «ወደ ልጅነቷ ተመለሰች» ማለታቸው ስሕተት ቢሆንም የሚያስነቅፋቸው አይደለም፤ ብዙ ባለ ድመት እንዲሁ ይላል።

ይህ በሽታ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀው በቅርብ ዘመን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።) በ1979 በኒው ዮርክ ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ገለጡት፤ በ1980 ደግሞ በቦስተን ያሉት ሰፋ አድርገው ጻፉበት። ከዚያ ወዲህ በአሮጌ ድመቶች ዘንድ ከዕጢ በሽታዎች ሁሉ የሚበዛው ይህ ሆነ። የሚይዛቸውም ዘንድ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑት ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ እንደ ውሮ 12 ወይም 13 ዓመት የሞላቸው ናቸው። ስለ ምክንያቱ በጣሳ የታሸገ ምግብም፥ የምግቡ የአዮዲን መጠን ከፍና ዝቅ ማለቱም፥ ዕቃ በእሳት እንዳይያያዝ የሚቀባው መድኃኒትም ተመርምሯል፤ ይህ ነው ተብሎ የተፈረደበት ግን አንድም የለም። እናትዎ «ያበላኋት ምግብ ይሆን?» ብለው ራሳቸውን የሚወቅሱ እንደ ሆነ ይህን ያንብቡላቸው።

አሁን ወደ ልቧ እንምጣ። ሆርሞኑ በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በብዙ በኩል ነው። በመጀመሪያ የልብን ጡንቻ ራሱን እየገፋ ምቱን ያፈጥነዋል። ሁለተኛ፥ ሰውነት ሁሉ እንደ እቶን ሲነድ ብዙ ደም ይፈልጋልና ልብ ያንን ሁሉ ማድረስ ይገደዳል። ሦስተኛ፥ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይላላሉ፤ ኩላሊትም ይህን አይቶ ደም የጐደለ መስሎት ጨውንና ውሃን ይይዛል፤ የደሙም መጠን ይበዛል። እንግዲህ ልብ እየፈጠነ፥ እየበዛ የሚሄድ ደም እየተሸከመ ወራት ሲያልፍ፥ ሸክም የለመደ ሰው ክንዱ እንደሚደነድን ግድግዳው ይደነድናል። ሐኪሙ የሰማው ሹክሹክታ ደም በዚህ በተጨነቀ ልብ ውስጥ ሲጣደፍ የሚያሰማው ነው። ይህ ለረዥም ጊዜ ሳይታከም የቀረ እንደ ሆነ በአንዳንዶቹ ልብ ይደክምና ውሃ በሳንባ ውስጥ ወይም በሳንባ ዙሪያ ይጠራቀማል፤ ያን ጊዜ ድመቷ መተንፈስ ይቸግራታል።

እናትዎ ሊሰሙት የሚገባው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ በዕጢው ምክንያት የደነደነ ልብ፥ ዕጢው በታከመ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ሆርሞኑ ወደ ልኩ ሲወርድ ምቱ ይረጋጋል፤ ሹክሹክታውም በብዙዎቹ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል፤ የግድግዳውም ውፍረት በወራት ውስጥ በከፊል ወይም ፈጽሞ ይለቃል። የሰው ልብ በታመመ ጊዜ «ተበላሸ» ማለት ስለ ለመድን፥ ልብ ከሕመሙ ይመለሳል ሲባል ለማመን እንቸገራለን። ነገር ግን የድመት የልብ ሕመም ሥሩ ከልብ ውጭ ሆኖ መገኘቱ በዚህ ብቻ አይደለም። በ1987 በካሊፎርኒያ በዴቪስ ያሉ ሐኪሞች፥ ልባቸው እየሰፋ ይሞቱ የነበሩ ብዙ ድመቶች የታመሙት በምግባቸው ውስጥ ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር በማነሱ መሆኑን ገለጡ፤ ታውሪን በተሰጣቸው ጊዜ የብዙዎቹ ልብ ተመለሰ፤ የድመት ምግብ ሠሪዎችም ከዚያ ወዲያ በምግቡ ላይ ጨመሩበት።

ይሁን እንጂ ተስፋውን ከልኩ አሳልፈን እንዳንሰጥ አንድ ነገር እንጨምር። ድመቶች ያለ ታይሮይድ ምክንያት በገዛ ራሳቸው የልብ ጡንቻ መደንደን በሽታ ይታመማሉ፤ ይህም በአንዳንዱ ወገን ከዘር የሚወረስ ነው። አንዲት አሮጊት ድመት ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ጊዜ ሊገኙባት ይችላሉ። ሆርሞኑ ከፍ ብሎ ሳለ የትኛው የልብ መደንደን ከዕጢው፥ የትኛው ከልብ ራሱ እንደ ሆነ ለይቶ መፍረድ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ የልብን መጨነቅ የሚያሳየው የደም ምርመራ እንኳ በዕጢው ምክንያት ከፍ ይላል። ሊለይ የሚችለው ዕጢው ታክሞ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ነው። በድምፅ ሞገድ የሚነሣው የልብ ሥዕል አሁን አንድ ጊዜ፥ በኋላም ሁለተኛ ጊዜ ተነሥቶ ሁለቱ ቢተያዩ ነገሩ ይገለጣል። ስለዚህ ሐኪሙ «ልቧ ተነክቷል» ያለው ስለ ዛሬ የተናገረው ቃል ነው፤ እናትዎ ግን እንደ ፍርድ ቈጠሩት። ፍርዱ ገና አልተሰጠም።

እስከዚያው ድረስ ልቡን የሚደግፍ መድኃኒት አለ። ምቱ እጅግ የፈጠነ እንደ ሆነ አቴኖሎል የሚባለውን ለጊዜው ይሰጣሉ፤ ውሃ የተጠራቀመ እንደ ሆነ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ይታዘዛል። ደም ብዛቷም መለካት አለበት፤ በድመትም ዘንድ እንደ ሰው በክንድ ወይም በጅራት ላይ በሚጠመጠም ጨርቅ ይለካል። (ጅራትን ለዚህ ሥራ መጠቀም የሚያስቅ ቢመስልም እውነት ነው።) ድመት በሐኪም ቤት ስትፈራ ግፊቱ ከፍ ስለሚል ጥቂት ካረፈች በኋላ ደጋግሞ መለካት ይገባል። ደም ብዛት በዐይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ድንገተኛ ነው፤ የዐይን ውስጥ መጋረጃ ይላቀቅና በትናንትናው ቀን ታይ የነበረች ድመት ዛሬ ከግድግዳ ጋር ስትጋጭ ትገኛለች። አምሎዲፒን የሚባለው ኪኒን ግፊቱን በመልካም ያወርደዋል። ደግሞም ዕጢው ከዳነ በኋላ ግፊታቸው የሚነሣ ድመቶች አሉና፥ አንድ ጊዜ ተለክቶ ደኅና ነው ስለ ተባለ መተው አይገባም።

ስለ ሕክምናው መንገዶች ሐኪሙ የነገራችሁ ሁለቱን ነው፤ በእውነቱ አራት ናቸው። ሁለቱን ቶሎ እንለፋቸው። አንደኛው ዕጢውን በቀዶ ጥገና ማውጣት ነው፤ ልቧ እንዲህ ሆኖ ሳለ ማደንዘዣ መስጠት ያሠጋል፤ ከታይሮይዱ ጋር ተጣብቀው ያሉት ታናናሽ ዕጢዎችም ቢጐዱ የደሙ ካልሲየም ወርዶ ድመቷን ያንቀጠቅጣታል። ሁለተኛው ከ2011 ጀምሮ በገበያ ያለው አዮዲን እጅግ ያነሰበት ምግብ ነው። ይህ የሚሠራው ድመቷ ከእርሱ በቀር አንዲት ጉርሻ እንኳ ያልቀመሰች እንደ ሆነ ነው። እናትዎ ከገበታቸው ለውሮ እንደሚያካፍሉ በደብዳቤዎ ገልጠዋልና ይህ መንገድ ለቤታችሁ የሚሆን አይመስለንም። በዚሁ አጋጣሚ ሳንናገር የማናልፈው ነገር፥ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ ደም ያፈርሳሉ፤ ስለዚህ የዶሮ ወጥ፥ ሥጋው ቢሆንም፥ ለውሮ አይስጧት። ሽንኩርትና ቅመም ሳይነካው የተቀቀለ ዶሮ ይበቃታል።

ሜቲማዞል የሚባለው ኪኒን፥ በአንዳንድ አገር ደግሞ ካርቢማዞል የሚባለው፥ ዕጢውን አያጠፋም፤ ሆርሞኑን እንዳይሠራ ይከለክለዋል። በተጀመረ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ሆርሞኑ ይወርዳል፤ የተቋረጠ እንደ ሆነ ግን ፈጥኖ ይመለሳል። እብጠቱም ውስጡን ማደጉን አይተውም። በአንዳንዶቹ ማስታወክንና ምግብ መጥላትን ያመጣል፤ በጥቂቶች ፊታቸውን እስኪያቈስሉ ድረስ ማከክን፥ ወይም የደም ሕዋሳትንና ጉበትን መጕዳትን ያመጣል፤ ይህም በብዛት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ስለ ሆነ በዚያ ጊዜ ደሟ በየሳምንታቱ መመርመር አለበት። ድመት ኪኒን አልውጥም ስትል የሚሆነውን ትግል ሁላችን እናውቃለን። ለዚህም ይኸው መድኃኒት በቅባት ተዘጋጅቶ በጆሮዋ ውስጠኛ ቆዳ ላይ የሚቀባ አለ። የሚቀባው ሰው ግን የእጅ ጓንት ማድረግ አለበት፤ መድኃኒቱ በሰውም ቆዳ ይገባልና። እናትዎ ጆሮዋን ማሸት የለመዱ ከሆነ፥ ከመድኃኒት ሁሉ ለእጃቸው የሚቀልላቸው ይህ ይመስለናል።

ጨረር ያለበት አዮዲን የሚሠራው ሥራ ግን የሚያስደንቅ ነው። ዕጢው አዮዲንን ከደም እየጠጣ ሆርሞን የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ጨረር የያዘውን አዮዲን ከሌላው ሳይለይ ይጠጣዋል። አብዝተው የሚጠጡት ግን የታመሙት እብጠቶች ናቸው፤ ጤነኛው ክፍል አዛዡ ዝም ስላለ ተኝቷልና ጥቂት ብቻ ይደርሰዋል። እንዲህም ሆኖ የታመመው በገዛ ጥሙ ይቃጠላል፤ የተኛው ድኖ በኋላ ይነቃል። ልብም ሌላውም ብልት አይነካም። አንዲት መርፌ ከቆዳ በታች ትሰጣለች፤ ከመቶው ድመት 95 ያህሉ በዚያች በአንዲቱ ይድናሉ። ዋጋው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ስለ ሆነ ይከብዳል፤ የኪኒኑና የየጊዜው የደም ምርመራ ዋጋ ግን በዓመታት ሲደመር ከዚህ አያንስ ይሆናል።

የአዮዲኑ ጨረር በ8 ቀን ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ16 ቀን አንድ አራተኛ ይሆናል። ስለዚህ ድመቷ እንደየግዛቱ ሕግ ለጥቂት ቀናት ወይም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ በሕክምናው ቤት ትቈያለች፤ ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላም ሁለት ሳምንት ያህል በጭን ላይ ማስተኛትና አብሮ ማደር ይከለከላል፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች እንዲርቋት ይደረጋል፤ የምትጸዳዳበትም አሸዋ ሐኪሞቹ እንዳዘዙት ለብቻው ይጠበቃል። ይህን ለእናትዎ አስቀድመው ይንገሯቸው እንጂ በመጨረሻው ቀን አይንገሯቸው። ቀኑን ሙሉ ከእርስዋ ጋር ለሚውል ሰው ሁለት ሳምንት ቀላል አይደለም። በአንድ ክፍል ርቀው ተቀምጠው መነጋገር ግን አይከለከልም፤ ውሮም የምትፈልገው ድምፃቸውን እንደ ሆነ እንገምታለን።

ስለ ዕድሜ የጠየቁትን በቍጥር እንመልስልዎ። በ1995 የታተመ አንድ ጽሑፍ በዚህ አዮዲን የታከሙ 524 ድመቶችን ተከታትሎ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ከመቶው 89፥ ከሁለት ዓመት በኋላ 72፥ ከሦስት ዓመት በኋላ 52 በሕይወት ተገኝተዋል። እነዚህ ሲታከሙ አስቀድመው ያረጁ መሆናቸውን ማሰብ ይገባል። በ2006 የወጣው ሌላ ጽሑፍ 167 ድመቶችን መርምሮ፥ በኪኒን ብቻ ከታከሙት ግማሾቹ 2 ዓመት፥ በአዮዲን ከታከሙት ግማሾቹ 4 ዓመት፥ አስቀድመው በኪኒን ኋላ በአዮዲን ከታከሙት ግማሾቹ 5 ዓመት ከሦስት ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ እንደ ኖሩ ገለጠ። ይህን አይቶ «ኪኒን ዕድሜ ያሳጥራል» ማለት ግን ችኰላ ነው። ድመቶቹ በዕጣ አልተከፈሉም፤ ወደ ውዱ ሕክምና የሚወሰዱት ብዙ ጊዜ ሌላ ሕመም የሌለባቸው ናቸው።

በእኛ አስተያየት የውሮን ዕድሜ የሚወስነው ከልቧ ይልቅ ኩላሊቷ ነው። የአሮጌ ድመት ኩላሊት ብዙውን ጊዜ ደካማ ነው፤ ሆርሞኑ ግን ደሙን በኀይል ስለሚያሮጠው ኩላሊቱ ጤነኛ መስሎ ይታያል። ዕጢው በታከመ ጊዜ መጋረጃው ይገለጣል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «ሕክምናው ኩላሊቷን ገደለው» ይላል፤ ሕክምናው ያደረገው ግን የተሸሸገውን ማሳየት ነው። ሆርሞኑን ከልኩ በታች ማውረድ ግን በእውነት ይጐዳል፤ በ2010 ከሎንዶን የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከሕክምናው በኋላ ሆርሞናቸው ከልክ በታች ወርዶ ኩላሊታቸውም የደከመ ድመቶች ዕድሜያቸው አጠረ። ስለዚህ ሲታከሙ መብዛትም ማነስም ሳይሆን ልኩን መያዝ ያስፈልጋል።

እንግዲህ እርስዎን ብንሆን የምናደርገው ይህ ነው። የመጨረሻው ቃል ውሮን በእጁ የዳሰሳት የሐኪሙ ሆኖ፥ በመጀመሪያ በኪኒኑ ወይም በጆሮ ቅባቱ እንጀምር ነበር። ይህ የሚመለስ መንገድ ነው፤ ኩላሊቷ ወይም ሰውነቷ ባይቀበለው መጠኑን መቀነስ ወይም መተው ይቻላል። ሆርሞኑ ወደ ልኩ ከወረደ በኋላ ኩላሊቷ በደምና በሽንት ይመርመር፤ ደም ብዛቷ ይለካ፤ ልቧ በሥዕል ይታይ። ኩላሊቷ ደኅና ሆኖ ልቧም የተመለሰ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ስለ አዮዲኑ መወሰን ቀላል ይሆናል። አዮዲኑን ወዲያው መስጠት የሚመርጡ ሐኪሞችም አሉ፤ የሚያስነቅፋቸው አይደለም፤ ነገር ግን ልቧ ደክሞ በሳንባዋ ውሃ ያለባት ድመት አስቀድማ መረጋጋት እንዳለባት እነርሱም ይስማማሉ።

እናትዎ «በሰላም ትሙት» ማለታቸውን ስናነብ ከልባቸው የወጣ ርኅራኄ መሆኑን ዐውቀናል። አንድ ነገር ብቻ በትሕትና እንጨምርላቸዋለን፤ ይህ በሽታ ሳይታከም የቀረ እንደ ሆነ በሰላም የሚወስድ በሽታ አይደለም። ድመቷ እየበላች ይርባታል፤ እያለች እንቅልፍ ታጣለች፤ በመጨረሻም ትንፋሽ ይቸግራታል። መድኃኒቱ ዓመት ባይጨምርላት እንኳ ይህን ረኀብና ይህን መንገብገብ ያበርድላታል። ምናልባት ኩላሊቷ ፈጽሞ ደክሞ፥ ልቧም ዕጢው ታክሞ ሳይመለስ የቀረ እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ ማስጨነቅን ትቶ ምቾቷን ብቻ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ በዚያ ጊዜ የእናትዎ ቃል ትክክል ይሆናል።

እስከዚያው ከእናትዎ የሚፈለግ አንድ ሥራ አለ፤ ከእሳቸው የተሻለ የሚሠራውም የለም። ውሮ በእንቅልፍ ላይ ሳለች የጐኗን መነሣትና መውረድ አንድ ጊዜ እያሉ፥ ሰዓት አይተው አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቍጠሩ፤ ቀኑንና ቍጥሩን በወረቀት ላይ ያስጽፉ። ደኅና ድመት ተኝታ ሳለች ትንፋሿ በደቂቃ ከ30 አይበልጥም። ከዚያ በላይ ሆኖ ደጋግሞ ቢገኝ፥ ወይም አፏን ከፍታ ስትተነፍስ ቢያዩዋት፥ እርስዎ ከሥራ እስኪመለሱ ድረስ አይጠብቁ። በሌሊትም የሚሠራውን የእንስሳት ሐኪም ቤት የስልክ ቍጥር በትልልቅ አኀዝ ጽፈው፥ ከታችም በአማርኛ «ለውሮ» ብለው ጨምረው፥ ከስልኩ አጠገብ ይለጥፉላቸው።